አፍ ያወጣ ካልሲ፦ ስለ ቤት ሠራሽ አሻንጉሊት ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም፣ ልጆች ቤት በሚውሉበት የክረምት ዕረፍት ከአሮጌ ካልሲ፣ ከካርቶንና ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሚናገር አሻንጉሊት ሠርታችሁ ተረት እንድታወሩበት ጋብዘናችሁ ነበር። የደረሱን ጥያቄዎች ዓይነታቸው ቢለያይም አብዛኞቹ ከአንድ ስህተት የመጡ ናቸው። ሰው አሻንጉሊት ሲሠራ ከመልኩ ይጀምራል፤ ዓይን ይለጥፋል፣ ፀጉር ይሰፋል፣ ቀሚስ ያለብሳል። መጀመር ያለበት ግን ከሚያጠልቀው እጅ ነው። እጅ ሳይለካ የተሠራ አሻንጉሊት የቱንም ያህል ቢያምር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይናገርም። መልሶቻችን ውስጥ መለኪያ የበዛው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለስድስት ዓመቷ ልጄ ከአባቷ ካልሲ አሻንጉሊት ሠራሁላት። አፉ እንዲከፈት ካርቶን አስገባሁበት፤ ካርቶኑ መጀመሪያ አልታጠፍ አለ፣ በኋላ ደግሞ መሀሉ ላይ ተሰበረ። ልጄ ስታጠልቀውም ካልሲው እጇ ላይ እየዞረ አፉ ወደ ጎን ይሄዳል። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የካልሲው መዞር ከመጠኑ ነው። የአባት ካልሲ ለስድስት ዓመት ልጅ እጅ ጆንያ ነው። የራሷን ረጅም የተማሪ ካልሲ ይውሰዱ። የአባቷ ካልሲ ካልሆነ ብላ ካስቸገረች፣ ገልብጠው ሁለቱንም ጎን እስከ እጇ አንጓ ድረስ ያጥብቡት።

አሁን አፉን እንሥራ። የልጅዎን አራት ጣቶች ገጥመው ስፋታቸውን ይለኩ፤ በዚህ ዕድሜ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ፤ የአፉ ወርድ ይህ ነው። ርዝመቱ የመሀል ጣቷ እጥፍ ነው። ባጠቃላይ 7 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንቁላል ቅርጽ ይወጣዎታል። ለአዋቂ እጅ ከሆነ 9 በ16 ይበቃል።

ዕቃ የሚታሸግበት ወፍራም ካርቶን ለአፍ አይሆንም። መሀሉ ላይ ያለው ሞገድ የሚታጠፈው በራሱ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ በሌላ በኩል ሲያጥፉት ይሰበራል። የብስኩት ወይም የጥርስ ሳሙና ካርቶን ሁለቱን ደርበው በኮላ ያጣብቁና ከባድ ነገር ጭነውበት ይደር። ሲደርቅ የእንቁላሉን ቅርጽ ይቁረጡ፤ ከዚያ ሳይሳሱ ወርዱን ይዘው መሀል ለመሀል ለሁለት ይክፈሉት። ሁለቱን ግማሾች በመካከላቸው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ትተው አንድ ቀይ ወይም ሮዝ ጨርቅ ላይ ይለጥፉ። እንደ በር ማጠፊያ የሚሠራው ጨርቁ ነው። ካርቶኑ ራሱ ስለማይታጠፍ የሚሰበርበት ምክንያት የለም። ጨርቁን ሲቆርጡ ከካርቶኑ ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ያትርፉ፤ የሚሰፋው እሱ ነው።

ካልሲውን ገልብጠው የጣቱን ጫፍ በስፌቱ መስመር ከዳር እስከ ዳር ይቅደዱ። ከዚያ በግራም በቀኝም ወደ ተረከዙ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይግቡ። ጨርቁን ቀዩ ገጹ ወደ ካልሲው ውስጥ፣ ካርቶኑ ወደ እርስዎ ሆኖ በስፒል ያያይዙት። መጀመሪያ አራቱን ቦታ (ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ) ይያዙ፣ ቀጥሎ መካከሉን። ስፌቱ በየ4 ሚሊ ሜትሩ እየተመለሰ የሚሄድ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክሩን በማጥበቅ ነው። ካልሲ የሚለጠጥ ጨርቅ ነው፤ ክሩን ሲስቡት ይሰበሰብና ከንፈሩ የተኮማተረ የሽማግሌ አፍ ይሆናል። ክሩ ተኝቶ ይለፍ እንጂ አይወጠር።

የመጨረሻው ሥራ ብዙዎች የሚዘሉት ነው። ከአሮጌ ሱሪ ወገብ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላስቲክ ይፍቱ። 7 ሳንቲ ሜትሩን በላይኛው መንጋጋ ላይ፣ 4 ሳንቲ ሜትሩን በታችኛው ላይ፣ እጅ በሚገባበት በኩል ጫፍና ጫፋቸውን ብቻ ሰፍተው እንደ ቀለበት ይተዉዋቸው። አራቱ ጣቶች ከላይኛው፣ አውራ ጣት ከታችኛው ሥር ይገባሉ። ከዚህ በኋላ አፉ አይዞርም፤ ልጅቷም ለመክፈት ካርቶኑን መቆንጠጥ አያስፈልጋትም። ካልሲውን ወደ ቀኙ መልሰው ተረከዙ ከላይ እንዲውል አድርገው ያጥልቁላት።

ጥያቄ፦ ለዓይን የለጠፍኩት የሃይላንድ ክዳን በማግሥቱ ወደቀ። ቤት ውስጥ የዓመት ከመንፈቅ ሕፃን ስላለ ደግሞ ፈራሁ። በክዳኑ ፈንታ ባቄላ ብለጥፍስ?
ከአዳማ

መልስ፦ ባቄላውን ይተዉት። ሕፃን አፍንጫና ጆሮ ውስጥ የሚከተው እንዲህ ያለውን ነው፤ ቢተርፍም ይነቅዛል። ክዳኑም ቢሆን ለዚያ ሕፃን አይሆንም። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ያለቀ የሶፍት ጥቅል መሀሉ ያለውን የካርቶን ቱቦ አቁመው ዕቃውን ይጣሉበት። በቱቦው ካለፈ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። የሃይላንድ ክዳን ያልፋል፣ ቁልፍም ያልፋል። ስለዚህ የእርስዎ አሻንጉሊት ዓይን ከነጭ ጨርቅ የተቆረጠ ክብ ሆኖ ዙሪያውን በጥብቅ ይሰፋ፤ ብሌኑም በጥቁር ክር ይጠለፍ።

ትልልቅ ልጆች ብቻ ላሉበት ቤት ክዳን ጥሩ ዓይን ነው። የወደቀው ኮላው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ነጩ ኮላ የሚይዘው ወደ ውስጡ የሚሰርግበትን ነገር ነው፤ ወረቀትን፣ ጨርቅን፣ እንጨትን። ፕላስቲክ ውስጥ መስረጊያ የለውም። መርፌ በፒንሳ ይዘው፣ በእሳት አግለው ክዳኑን ሁለት ቦታ ይብሱና እንደ ቁልፍ ይስፉት። ሥራው የአዋቂ ነው፣ መስኮትም ይከፈት። ማስቲሽ ፕላስቲክን ከጨርቅ ጋር ይይዛል፤ ነገር ግን ሽታው ራስን የሚያዞርና ለልጅ ጤና አደገኛ ስለሆነ ከልጆች ጋር በሚሠራ ሥራ ላይ ባይገባ እንመርጣለን።

ስለ ብሌኑ አንድ ነገር፦ ከነጩ ልክ መሀል ካደረጉት አሻንጉሊቱ የደነገጠ ይመስላል። ሁለቱንም ብሌኖች ጥቂት ወደ አፍንጫው ያስጠጓቸው። ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ልጅ የሚያይ ይመስላል።

ጥያቄ፦ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በክፍሌ 52 ልጆች አሉ። መቀስ ሦስት፣ ኮላ አንድ ጣሳ ብቻ ነው ያለኝ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁሉም የየራሱን ይዞ እንዲወጣ ምን ላሠራቸው?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ካኪ ፖስታ። ለአንድ ልጅ አንድ ረዥም ፖስታ (11 በ22 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው) ይበቃል። ከዋዜማው እርስዎ የሚሠሩት ሥራ አለ። ፖስታው ሳይታሸግ ውስጡ ማስመሪያ ያስገቡ፣ ርዝመቱን ለሁለት ከፍለው የፊቱን ገጽ ብቻ ከዳር እስከ ዳር በምላጭ ይሰንጥቁት። ማስመሪያው የገባው ምላጩ የጀርባውን ገጽ እንዳይነካ ነው፤ ሁለቱም ከተሰነጠቁ ፖስታው ለሁለት ይወድቃል። ከዚያ አፉን ያሽጉ። ስንጥቁ ከውጭ እንዲሆን መሀሉን ሲያጥፉት ሁለት ኪስ ይከፈታል፤ አራት ጣት በላይኛው፣ አውራ ጣት በታችኛው ይገባል። የታጠፈው ውስጡ አፍ ነው። በክፍል ውስጥ ለልጆቹ የሚቀረው መሳል ብቻ ነው፦ አፉ ውስጥ ቀይ ምላስ፣ ከላይ ዓይን፣ ከፈለጉ የወረቀት ጆሮ። ኮላው የሚያስፈልገው ለጆሮ ብቻ ስለሆነ በየጠረጴዛው በክዳን ከፋፍለው ይስጧቸው፤ አንድ ጣሳ ይተርፍዎታል።

ለፖስታ መግዣ ካልተገኘ አንድ ጎኑ የተጻፈበት A4 ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱን በቁመቱ ለሦስት እኩል አጥፈው ቀጭን ጥቅልል ያድርጉት፣ ርዝመቱን ለሁለት አጥፈው፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ወደ ኋላ፣ እስከ መታጠፊያው ይመልሷቸው። ጫፎቹ ላይ ያለው የወረቀት ድርብ ራሱ ኪስ ነው። መቀስም ኮላም አይነካውም፤ ስፋቱም 7 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ለአንደኛ ክፍል እጅ ከፖስታው ይልቅ ልክ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ እየለጠፍኩ ፊኛ ላይ የአሻንጉሊት ጭንቅላት ሠራሁ። በሦስተኛው ቀን የደረቀ መስሎኝ ፊኛውን ሳፈነዳው ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ የቀረውም ሻገተ። ሐምሌ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አይሆንም ማለት ነው?
አባት፣ ከደሴ

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን ክረምት ችኮላ አይወድም። ጭንቅላቱ የገባው ውስጡ ሳይደርቅ ስለሆነ ነው። የሻገተውም በዚያው ምክንያት ነው፤ ዱቄትና እርጥበት ተዘግቶባቸው ሲያድሩ ሻጋታ ይበቅላል።

ሙጫው እንዲህ ነው። ግማሽ ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ሳይጓጉል ይበጥብጡ። 2 ብርጭቆ ውሃ አፍልተው ብጥብጡን እያማሰሉ ይጨምሩበትና 3 ደቂቃ ያህል ይብሰል። እንደ አጥሚት ሲሆን ያውርዱት። ብዙዎች ሳያበስሉ ይጠቀማሉ፤ ያልበሰለው ግን ውሃው ስለሚበዛ ወረቀቱን ያርሰዋል እንጂ ቶሎ አይይዘውም። በሁለተኛው ቀን መኮምጠጥ ስለሚጀምር የዕለቱን ያህል ብቻ ይሥሩ።

ጋዜጣውን በመቀስ አይቁረጡ፣ በእጅ ይቅደዱ። የተቀደደ ዳር ጭረቱ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሐዳል፤ የተቆረጠ ዳር ግን ሲደርቅ ጠርዝ ሆኖ ይታያል። ቁራጮቹ የሁለት ጣት ስፋት ይኑራቸው፣ ትርፉን ሙጫ በጣቶችዎ መካከል አሳልፈው ይጥረጉት። በአንድ ቀን ከሁለት ንብርብር አይበልጡ። አንዱን ንብርብር በጋዜጣ፣ ቀጣዩን በነጭ ወረቀት ቢያደርጉ ያልተሸፈነው ቦታ የቱ እንደሆነ ወዲያው ይታይዎታል። አምስት ንብርብር ይበቃል።

ማድረቂያው ቦታ ነፋስ የሚያገኝ ይሁን። ከምድጃ አጠገብ ማንጠልጠል ደህና ነው፤ ምድጃው ላይ ማስቀመጥ ግን ላዩን ብቻ አድርቆ ውስጡን ያስቀራል፣ በኋላም ይሰነጠቃል። መድረቁን በዓይን አይወቁት። ጉንጭዎ ላይ ያስጠጉት፤ ቢቀዘቅዝዎ ውስጡ ገና ውሃ እየተነነ ነው። ሳይቀዘቅዝ ቀርቶ በጥፍር ሲያንኳኩት እንደ ቅል ቋ ቋ ካለ ደርቋል።

ፊኛውን ግን ባይጠቀሙ እንመክራለን። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ጠዋት ሲሞቅ ይነፋል፣ እርጥቡን ወረቀት አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ ይልቅ ደረቅ ጋዜጣ ጨምድደው መካከለኛ ብርቱካን የሚያህል ኳስ ያድርጉና በክር ይጠፍሩት። አፍንጫና ግንባሩንም በዚያው ጋዜጣ ጨምረው ማውጣት ይችላሉ። ከሥሩ ለአንገት የሚሆን ቱቦ ይግባ። ቱቦውን ከስስ ካርቶን አመልካች ጣትዎ ላይ ጠቅልለው ይሥሩት፣ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ሳይወዛወዝ ይያዝ። የሶፍት ቱቦ ለጣት በጣም ሰፊ ስለሆነ ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል። ከአንገቱ ግርጌ ደግሞ የቃጫ ገመድ ሁለት ዙር ጠምጥመው በወረቀት ይሸፍኑት፤ ይህ ጉብታ ከሌለ ልብሱ በመጀመሪያው ጭብጨባ ሾልኮ ይወልቃል።

ልብሱን ለመቁረጥ እጅዎን ጨርቁ ላይ ዘርግተው፣ አውራ ጣትና የመሀል ጣት ለክንድ፣ አመልካች ጣት ለአንገት ሆኖ ዙሪያውን ያስምሩ። ከመስመሩ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥተው ይቁረጡ። እጅ ውፍረት አለው፤ በልኩ የተቆረጠ ልብስ ሲሰፋ ጣት አያስገባም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 13 ነው። መብራት ሲጠፋ ለታናናሾቼ በእናቴ ነጠላ ላይ የጅብና የአህያ የጥላ ጨዋታ አሳያቸዋለሁ። ግን ጥላው ይደበዝዛል፣ የስልኩ መብራትም በነጠላው አልፎ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል። ምን ላድርግ?
ከጎንደር

መልስ፦ ነጠላ መምረጥሽ ጥሩ ነው፤ ሳይደረብ ሲወጠር ብርሃን በደንብ ያሳልፋል። ጥለቱን ወደ ታች አድርጊው፤ እጅሽን ይሸፍንልሻል። መብራቱ የሚወጋቸው ከእነሱ ዓይን ትይዩ ስለሆነ ነው። ስልኩን ከጀርባሽ፣ ከጭንቅላትሽ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጪና ወደ ታች አዘንብይው፤ እነሱ ደግሞ መሬት ላይ ይቀመጡ።

ለድብዘዛው መድኃኒቱ ርቀት ነው። አሻንጉሊቱ ከነጠላው ጋር ሊነካ ሲቃረብ ጥላው ጥርት ይላል። ወደ መብራቱ ሲጠጋ ጥላው ይተልቃል፣ ዳሩም ይደበዝዛል። መብራቱ ከነጠላው 2 ሜትር ቢርቅ፣ አሻንጉሊቱ መሀል ላይ ሲሆን ጥላው እጥፍ ይሆናል። ይህን ተጠቀሚበት፤ ጅቡ ከሩቅ ሲመጣ ከመብራቱ በኩል ግዙፍና ብዥ ብሎ ይጀምር፣ አህያዋ ጋ ሲደርስ ነጠላው ላይ ተለጥፎ ጥርት ይበል።

ሁለቱንም ከጎን እንጂ ከፊት አትሳያቸው። ጅብ የሚታወቀው ከትከሻው ከፍ፣ ከወገቡ ዝቅ ባለ ጀርባውና በክብ ጆሮው ነው፤ አህያ በረጅም ጆሮዋ። የጅቡን የታች መንጋጋ ለብቻ ቆርጠሽ፣ ሁለቱን ካርቶን በመርፌ በስተሽ ክር አሳልፊና በሁለቱም በኩል ቋጥሪ፤ ቋጠሮው ካርቶኑን እንዳይጨመድደው ላላ ይበል። መያዣው የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ይሁን፤ ቀጭን ስለሆነ ጥላው ብዙ አይታይም። ጫፉን በፕላስተር ጠቅልይው። ዓይኑን አትሳይው፣ ብሺው። በኢንዶኔዥያ ዋያንግ የሚባለው የጥላ ጨዋታ፣ ዩኔስኮ በ2008 እ.ኤ.አ. በቅርስነት የመዘገበው፣ አሻንጉሊቶቹ ከጎሽ ቆዳ ተቆርጠው በስሱ የተበሱ ናቸው፤ በቀዳዳው የሚያልፈው ብርሃን ነው ፊት የሚሰጣቸው።

ሻማ ግን ከነጠላ ጀርባ በፍጹም አታድርጊ፤ ጥጥ በአንዴ ነው የሚያያዘው።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ብቻ የሚናገር የካልሲ አሻንጉሊት ሠራሁለት። ልጁ ግን «አባዬ፣ አፉና ድምፁ አይገናኝም» ብሎ ጥሎት ሄደ። እንዴት ነው የሚገጥመው?
አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

መልስ፦ ልጅዎ ትክክል ነው፤ ልጆች ይህን ከአዋቂ ይልቅ ያያሉ። ብዙ ሰው አፉን የሚከፍተው አራቱን ጣቶች ወደ ላይ በማንሣት ነው። ያን ጊዜ ጭንቅላቱ በየቃሉ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ዓይኑም ጣሪያ ያያል። ሰው ሲናገር የሚንቀሳቀሰው የታች መንጋጋው ነው። አራቱን ጣቶች ያጽኑ፣ አውራ ጣትዎን ብቻ ዝቅ ያድርጉ።

መቼ ይከፈት ለሚለው ፊደላችን ራሱ ይመራዎታል። ራብዕ በሰፊው ይከፈታል፤ ግዕዝ በግማሽ፤ ካዕብና ሳብዕ በጠባቡ። ድምፅ የሌለው ሳድስ አፍ ይዘጋል። «ሰላም» ሁለት መክፈቻ ነው፦ «ሰ» በግማሽ፣ «ላ» በሰፊው፣ «ም» ላይ ጥርቅም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ እና ዐ ግን ግዕዝ ሆነውም እንደ ራብዕ ስለሚነበቡ በሰፊው ይከፈታሉ። «ተረት ተረት» አራት መክፈቻ አለው፤ ሁለቱም «ት» ላይ ይዘጋል። ልጅዎ «የላም በረት» ሲል ግን አሻንጉሊቱ አፉን ገጥሞ ይስማ፤ ብዙ ሰው ጣቱን ማሳረፍ ይረሳል። መስታወት ፊት ለፊት ቆመው በየቀኑ 10 ደቂቃ ቢለማመዱ ጣትዎ በራሱ መሄድ ይጀምራል። ልጁ ከእርስዎ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ የእጅዎን አንጓ ሰበር ያድርጉ፤ አሻንጉሊቱ ሊያየው ይገባል።

ለአማርኛው ደግሞ አሻንጉሊቱን አስተማሪ አያድርጉት። ገና የመጣ፣ እንግሊዝኛ የማይሰማ እንግዳ ይሁን። ልጁ በእንግሊዝኛ ሲመልስ አያርመው፤ ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ «ምን አልከኝ?» ይበል። ማስረዳት ያለበት ልጁ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የክር አሻንጉሊቴ በገባ በወጣ ቁጥር ክሩ ይተበተባል። ሲራመድም ይንሳፈፋል።
ከሐዋሳ

መልስ፦ የሚንሳፈፈው እግሩ ቀላል ስለሆነ ነው። በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ጠጠር ወይም ብሎን ሰፍተው ይክተቱበት፤ ክሩ የሚወጠረው በክብደት ነው። ሲያስቀምጡት ክሮቹ የታሰሩበትን መያዣ መስቀል ይዘው አሻንጉሊቱን በአንድ አቅጣጫ አሥር ጊዜ ያሽከርክሩት፣ ክሩ እንደ አንድ ገመድ ይገመዳል፤ በዚያው ፌስታል ውስጥ ያንጠልጥሉት። ሲያወጡት በተቃራኒው ይፈታል።

ጥያቄ፦ የካልሲው አሻንጉሊት ቆሸሸ። ካርቶን ስላለው እንዴት ልጠበው?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ካርቶኑ ከገባበት አይታጠብም፤ በእርጥብ ጨርቅ ላዩን ብቻ ይጥረጉት። ቀጣዩን ሲሠሩ በካርቶኑ ፈንታ ከ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ጠፍጣፋ ጎን ይቁረጡ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘይቱን አጥበው፣ ሁለቱን ግማሾች ማዕዘን ሳይተዉ ክብ አድርገው ይቁረጡ፤ የሾለ ዳር ካልሲውን ይበሳል። ኮላ ስለማይይዘው በጋለ መርፌ ዳር ዳሩን በስተው ከአፉ ጨርቅ ጋር ይስፉት። ያኔ እንደ ማንኛውም ካልሲ በለብታ ውሃ ይታጠባል። ሲሰጣ ግን በአፉ አይንጠልጠል፤ የውሃው ክብደት ስፌቱን ስለሚስበው አንገቱን ወደ ላይ አድርገው ባቆሙት ባዶ ሃይላንድ ላይ ያጥልቁት፣ ቅርጹን እንደያዘ ይደርቃል።